የቢሊሴ ገብስማ

ኦቦ ደቻሳ ሳይነግሩ መጡ።

የግቢው የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ሰምሃል ልጇን ደረቷ ላይ እንዳስተኛች ቀስ ብላ ተነስታ ከፈተች። ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻቸው የጣሉ ረጅም ሽማግሌ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ከዚያ በፊት የምታውቃቸው በፎቶ ብቻ ቢሆንም ወዲያው ለየቻቸው። የባሏ የጋዲሳ ግንባር ነው፤ እርጅና ብቻ ተጨምሮበታል።

«አካም ጂርታ?» አሉ።

«ፈያ፣ አባባ። ይግቡ፣ ይግቡ» አለች። ከዚያ በላይ የምታውቀውን ኦሮምኛ ድንጋጤው ወሰደባት።

ከጉደር አምቦ ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ተሳፍሮ ጨዋታ የጀመረ ሰው ጨዋታውን ሳይጨርስ ይደርሳል። ቢሆንም ኦቦ ደቻሳ ሠርጋቸው ላይ አልተገኙም ነበር። አውድማ ላይ እህል አለኝ ብለው ቀሩ። ጋዲሳ አውድማውን አመነ፣ ወይም ያመነ መሰለ። ሰምሃል ግን ታውቀዋለች። ከደሴ ለትምህርት መጥታ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥራ ይዛ የቀረች፣ በእምነትም በቋንቋም የማትመስላቸው ሙሽራ እንደነበረች ታውቃለች። ስለዚህ አልወቀሰቻቸውም። መጠበቋን ግን አላቆመችም።

ሽማግሌው ዶሮዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ጫማቸውን ጠራርገው ገቡ። ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ሰምሃል የነጠላዋን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ የልጇን ፊት አሳየቻቸው። ቢሊሴ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ናት። ፊቷ ከእናቷ መዳፍ አይበልጥም። ኦቦ ደቻሳ አንገታቸውን አስግገው አዩአት እንጂ አልተጠጉም። ሰምሃል ልታቀብላቸው እጇን ስታነሳ መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩአት። እርፍ ያጠነከረው መዳፍ ነው።

«ሻካራ ነው» አሉ በአማርኛ። «ትንሽ ናት። ይቅር።»

አማርኛቸው አጭር ነው። የቀረውን ልጃቸው ሲመጣ ሊናገሩ አስበው ይመስላል፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ጸጥ አሉ። ጋዲሳ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የሚመለሰው እኩለ ቀን ላይ ነው።

የሰምሃል እናት ወይዘሮ አመለሸጋ ግን ጸጥ የሚሉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ሊያርሱ ከደሴ የመጡ ናቸው፤ ከመጡ ጀምሮ ማድቤቱ የእሳቸው ነው። ሰምሃልን በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ጓሮ ወሰዷት።

«የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ማለት ይኼ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ሰውየው መጡልሽ። ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይደለም። ዶሮዋን አየሻት? ቄብ ናት። እንቁላል ጀምራ አታውቅም። ለአራስ ከቄብ መረቅ የሚሻል ምን አለ?»

ሰምሃልም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። በእናቷ አገር ለአራስ ዶሮ ይዞ የመጣ ሰው ዶሮዋ እስክትታረድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከመረቁም ሳይቀምስ አይሄድም። ዶሮዋ ታስራ ብትውል ለእንግዳው ነውር ነው። ስለዚህ ወይዘሮ አመለሸጋ ድስት ሙሉ ውሃ ጣዱ፣ ቢላዋውን በደረጃው ድንጋይ ላይ ወዲያና ወዲህ አሉት፣ ከዚያ አንድ ነገር ጎደለ። የሚያርድ ወንድ።

«እሳቸው አሉ አይደል?» አለች ሰምሃል።

ይህን ስትል ልቧ ሞቀ። አማቿን የምታከብርበት መንገድ ድንገት የተሰጣት መሰላት። ልጇን ለእናቷ አሳቅፋ ቢላዋውን በትሪ አደረገችው። ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊታቸው አቀረበችላቸው።

«አባባ፣ ወንድ የለም። በእርስዎ እጅ ይሁንልን።»

ኦቦ ደቻሳ ቢላዋውን አዩት። ከዚያ እሷን አዩአት። ከዚያ እንደገና ቢላዋውን። ፊታቸው ላይ የነበረው የእንግዳ ፈገግታ ቀስ እያለ ሄደ። ተነሥተው ቢላዋውን ይዘው ወጡ፤ ሰምሃልም ከኋላ ተከተለቻቸው። ዶሮዋ ከሚፍለቀለቀው ድስት አጠገብ በጎኗ ተጋድማለች። ገብስማ ናት፣ አናቷ ላይ ትንሽ ጉትዬ አለቻት። ሽማግሌው ቁጢጥ አሉ። ቢላዋውን ከእግሮቿ መካከል ሰደዱና የታሰረችበትን ገመድ በጠሱት። ቢላዋውን መሬት ላይ አኑረው ዶሮዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ምን ሆኑ ሰውየው?» አሉ ወይዘሮ አመለሸጋ ከበሩ። «ደም ይፈራሉ እንዴ?»

ጋዲሳ የገባው ያን ጊዜ ነው። ጠመኔ የነካው ካፖርት እንደለበሰ በሩ ላይ ቀጥ አለ። አባቱን አየ፣ ዶሮዋን አየ፣ ድስቱን አየ። ሁለቱ በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ሰምሃል ከንግግሩ ሁሉ «ሉኩ» የሚለውን ብቻ ያዘች፤ ዶሮ ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ጋዲሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑ ግን እርጥብ ነው።

«ሀንዱራ ናት እኮ» አለ።

«ምንድን ናት?»

«ሀንዱራ። እትብት እንደማለት ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ አባት ወይም አያት ከብት ይሰጠዋል። የልጁ ነው። የሚወልደውም የልጁ ነው። ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አያርደውም። እኔ ቦራ የምትባል ጊደር ነበረችኝ፣ ነግሬሽ የለ? አባባ ይቺን ያመጣት ላንቺ አይደለም። ለቢሊሴ ነው።»

ሰምሃል እስከ ጆሮዋ ጫፍ ተቃጠለች። አማቷ ለልጇ ያመጡትን እትብት እንዲያርዱ፣ በትሪ፣ ጎንበስ ብላ ቢላዋ ሰጥታቸው ነበር።

«ልጅቷን ልንበላባት ነበራ!» አሉ ወይዘሮ አመለሸጋ፤ ደንግጠው ይሁን ሊስቁ አልታወቀም። ቀጥለው ደግሞ «ታዲያ ጊደር ከሆነ ልማዱ ዶሮ ምን ቤት ነው?» አሉ።

ኦቦ ደቻሳ ይህችን አማርኛ ሰሟት። «ጊደር አልቋል» አሉ ሳያፍሩ። «ዶሮ ትፈለፍላለች። ጫጩት በግ ይሆናል። በግ ጊደር ይሆናል። ትንሿም ቀስ ብላ ታድጋለች። አንድ ላይ።» ዶሮዋን መሬት ላይ ለቀቋት።

ሰምሃል አራት ቀያይ ዶሮዎች ነበሯት። በእንቁላላቸው የታወቁ፣ ሰፋፊ፣ የፈረንጅ ዘር ናቸው። ትልቋን ጋዲሳ ዳይሬክተሯ ይላታል፤ ባንዲራ በሚሰቀልበት ሰዓት ሰልፍ እንደምትፈትሽ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ደረቷን ነፍታ ነው የምትራመደው። ገብስማዋ እግሯን አፍታታ ሁለቴ ጭራ ሳትጨርስ ዳይሬክተሯ ከጓሮ ብቅ አለች። አንገቷን አሰገገች። ከዚያ ሮጠች። ሦስቱ ተከተሏት። ገብስማዋን አጥሩ ጥግ ላይ አፍነው ጉትዬዋን ነቆሩአት፤ ኦቦ ደቻሳ በዘንጋቸው ደርሰው ባያስጥሏት ላባዋ ያልቅ ነበር።

ሽማግሌው ከሰዓት በኋላውን ዘንጋቸውን ይዘው ጓሮ ቁጭ ብለው አሳለፉት። ዘንጉ ካለ ሰላም ነው፤ ዘንጉ ሲነሣ ጠብ ነው። ማምሻ ላይ ሊሄዱ ተነሡና ለልጃቸው አንድ ነገር ነገሩት። ጋዲሳ ወዲያው አልተረጎመም።

«ምን አሉ?» አለች ሰምሃል።

«በሚመጣው ገበያ ቀን ይመጣል። እስከዚያ ካልለመደች…» ጋዲሳ አባቱን ቀና ብሎ አየ። «ይወስዳታል። እኛ ጋ ትቆይ፣ የቢሊሴ መሆኗ አይቀርም ነው የሚለው። ክፋት የለውም።»

ክፋት እንደሌለው ሰምሃልም አላጣችውም። ግን ያንን ቃል ታውቀዋለች። ቢሊሴ በተወለደች ዕለት ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ ትከሻዋን ደግፋ በደግነት እንዲሁ ብላታለች፦ አንቺ ሂጂና እረፊ፣ እሷ እኛ ጋ ትቆይ። ሰምሃል አላረፈችም። ልጇ ካለችበት ሙቅ ክፍል ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለች ዋለች። ከቀናት በኋላ ልጇን ከልብሷ ውስጥ ደረቷ ላይ አጣብቀው ሲሰጧት፣ ሁለተኛ የእኔ የሆነ ነገር ሰው ጋ አይቆይም ብላ ለራሷ ነግራለች።

ደግሞም ሌላ ነገር ነበር። ከጋዲሳ ወገን እግር አውጥቶ በራሱ ወደዚህ ግቢ የመጣ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ተመልሶ በብብት ከሄደ፣ መልሶ ለመምጣት ስንት ዘመን እንደሚወስድበት ማን ያውቃል?

«ትለምዳለች፣ አባባ» አለቻቸው። «እዚሁ ትለምዳለች።»

ኦቦ ደቻሳ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አመኑ ማለት ግን አልነበረም።

*

መጀመሪያ የተሞከረው የወይዘሮ አመለሸጋ ዘዴ ነው። አዲስ ዶሮ ቤት እስክትለምድ በእግሯ ትታሰራለች፤ ይህን የማያውቅ የለም። ገብስማዋን በረጅም ክር ማድቤቱ በር ላይ አሰሯት። እሷ ግን የምትጠፋ ዶሮ አልነበረችም፤ የምትሸሽ ዶሮ ነበረች፣ ክሩ ደግሞ የከለከላት መሸሽን ነው። ቀያዮቹ ሲመጡ ክሩ እስኪወጠር ሮጣ ወደቀች። ሰምሃል ልጇን በአንድ እጇ ደግፋ ስትደርስ ጉትዬዋ ደም ነክቶታል።

«ታስሮ መደብደብ» አለች ክሩን እየፈታች።

«በእኔ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አሉ እናቷ። «የእኛ ዶሮዎች ጨዋ ናቸው።»

«የደሴ ዶሮዎች፣ እማዬ?»

«አዎ፣ የደሴ። ምነው?»

ቀጥሎ ጋዲሳ ከጎረቤት ሱቅ ባዶ የአምቦ ውሃ ሣጥን አመጣና ገብስማዋ ላይ ደፋባት። በሣጥኑ ቀዳዳ ትታያለች፣ ግን አትነካም። ቀያዮቹ ዙሪያዋን ጭረው ጭረው ሰለቻቸው። ገብስማዋም ከሣጥኑ ሥር ጥሬዋን ትበላለች። ጋዲሳ ዳፍንትን ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው። ዶሮ ሲጨላልም አታይም። እናቱ በሕይወት እያለች አዲስ ዶሮ ስታመጣ፣ ፀሐይ ስትገባ ጠብቃ ቆጡ ላይ ከነባሮቹ መካከል ሸጎጥ ታደርጋት ነበር፤ ሲነጋ ሁሉም አብረው ያደሩ ስለሚመስላቸው ይተዉአታል። እሱም እንዲሁ አደረገ። ገብስማዋ በሁለት ሰፋፊ ቀያዮች መካከል ገብታ እንደ ትራስ ተሸጎጠች። ሰምሃል በበሩ ሽንቁር ስታያቸው፣ ማን የማን እንደሆነ የማይለይ አንድ ክምር ላባ ነበሩ።

ሲነጋ ግን ዳይሬክተሯ ዓይኗን ገልጣ አጠገቧ ያለችውን አየች። የዳፍንቱ ውለታ እዚያው ቆጡ ላይ ቀረ።

«እናቴ ያደረገችው ሁሉ ይሠራ ነበር» አለ ጋዲሳ ቅር ብሎት።

«እናትህ ዳይሬክተር አልነበራትማ» አለችው ሰምሃል።

ገበያው እየቀረበ ነው። ሰምሃል ጠዋት ጠዋት ልጇን ፀሐይ ለማሞቅ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ቢሊሴ ስትጠባ ቶሎ ይደክማታል፤ ጥቂት ትጠባለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትጠባለች። እናት መጠበቅ እንጂ መቸኮል አይጠቅማትም። ስለዚህ ሰምሃል ሌላ ሰው በማያየው ርዝመት ዶሮዎቹን ማየት ቻለች። ገብስማዋን ከሣጥን አስወጥታ ትለቃታለች፣ ልጇን ታጠባለች፣ ታያለች።

መጀመሪያ ያየችው የአራቱን ጠብ ነበር። ቆይታ ስታየው ግን ጠቡ የአራት አልነበረም። ሦስቱ ቀያዮች ገብስማዋ አጠገባቸው ስትጭር ቀና ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ዳይሬክተሯን ያያሉ። እሷ ካልሮጠች አይሮጡም። አንዴ ዳይሬክተሯ እንቁላል ልትጥል ገብታ ሳለ፣ ከሦስቱ አንዷ ከገብስማዋ ጋር አንድ የጎመን ቅጠል በሁለት ጫፉ ይዘው ሲጎትቱ አየቻቸው። ዳይሬክተሯ እያስካካች ስትወጣ ቀይዋ ቅጠሉን ጥላ፣ ምንም እንዳልነካ ሰው፣ ፊቷን አዞረች።

ሰምሃል ብቻዋን ሳቀች። ደረቷ ሲነቃነቅ ቢሊሴ ጡቱን ለቀቀች።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለቻት። «ያሰርነው የማይታሰረውን ነው።»

ያን ዕለት ሣጥኑ ሥር የገባችው ዳይሬክተሯ ናት።

«የቤቱን እመቤት አስረሽ እንግዳዋን ልታነግሺ?» አሉ ወይዘሮ አመለሸጋ። «ኧረ ልጄ፣ ግፍ ነው።»

«ጥሬም ውሃም አላት፣ እማዬ። ትንሽ ትረፍ። ዳይሬክተር መሆን ያደክማል።»

ዳይሬክተሯ በሣጥኑ ቀዳዳ አንገቷን አውጥታ ጓሮውን ሁሉ ጮኸችበት። ሦስቱ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ሣጥኑን ዞሩት። ከዚያ ረሃባቸው ትዝ አላቸውና ወደ ጥሬው ሄዱ። ገብስማዋ ከሩቅ መጣች። አንዷ ቀና ብላ አየቻት፣ ወደ ሣጥኑ አየች፣ ከሣጥኑ ማንም አልሮጠም፤ ጎንበስ ብላ መልቀሟን ቀጠለች። ማታ ገብስማዋን ማንም አልሸጎጣትም። በራሷ ዘልላ ቆጡ ላይ ወጣች፤ ቦታ ሰጧት።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ሰምሃል ያን አንድ ነገር ገበያው እስኪደርስ አልነካችውም። ሣጥኑ እንደተነሣ የሚሆነውን ስለፈራች ነው።

*

ኦቦ ደቻሳ በገበያው ቀን ረፋድ ላይ ደረሱ። በትከሻቸው ባዶ ቅርጫት አንጠልጥለዋል። ሰምሃል ቅርጫቱን አየችና ለማን እንደሆነ ገባት። ጋዲሳ ፈተና ሊያርም ትምህርት ቤት ሄዷል፣ እናቷ ገበያ ወጥተዋል። መሐላቸው የሚተረጉም ሰው የለም።

ሽማግሌው ጓሮውን ቃኙ። ገብስማዋ ከሦስቱ ጋር አመድ ላይ ተጋድማ ትታጠባለች። ከዚያ ሣጥኑን አዩ። ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ሲመለከቱ ዳይሬክተሯ በአንድ ዓይኗ መልሳ ተመለከተቻቸው።

«ይቺን?» አሉ፣ ጣታቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው። «ይቺን አሰርሽ?»

«አዎ፣ አባባ። ሌሎቹ ክፉ አይደሉም። እሷን ነው የሚያዩት።»

ይህን ሲሰሙ ከጉሮሯቸው ሥር ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ። ቶሎ ግን ተመለሰ። «ስትፈታስ?» አሉ።

ጥያቄው የእሷም ጥያቄ ነበር። ዕድሜ ልክ አስራ ልታኖራት አትችልም፤ ሳይፈቷት «ለመደች» ብትል ደግሞ ውሸት ነው። ሰውየውም በታሰረ ጠላት ላይ የተሠራ ሰላም የሚያምኑ ዓይነት አልነበሩም።

«አሁን እፈታታለሁ» አለች።

ሣጥኑ ላይ ጋዲሳ ድንጋይ ጭኖበታል። ድንጋዩን ለማንሣት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ቢሊሴ ደረቷ ላይ ናት። ሰምሃል ዙሪያዋን አየች፣ ሌላ ሰው የለም። ነጠላዋን ፈታ ልጇን አወጣችና፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ አንዴ ይያዙልኝ።»

እጆቿ ያንን ትሪ የያዙበት አያያዝ እንደሆነ የታወሳት ከዘረጋች በኋላ ነው። ኦቦ ደቻሳም የታወሳቸው መሰለ። መዳፋቸውን ሊያሳዩአት ከፈት አደረጉ፤ ግን ልጅቷ እዚያው የተከፈተው መዳፍ ላይ ገባች። ዘንጋቸው ወደቀ። ማንሣት አልቻሉም።

«አንገቷን እንዲህ» አለች ሰምሃል ክንዳቸውን እያስተካከለች። «በቃ። ጋቢዎን ያልብሷት… እንዲያ።»

ከዚያ ድንጋዩን አነሣች። ሣጥኑን ገለበጠች።

ዳይሬክተሯ ወዲያው አልወጣችም። ቆማ ክንፏን አራገፈች፣ አንድ እግሯን አንሥታ ቆየች፣ ከዚያ ደረቷን ነፍታ ወደ ጥሬው ሄደች። ሦስቱ ቀና አሉ። ገብስማዋም ቀና አለች። ሰምሃል ገብስማዋን ለማስጣል ልትሮጥ ተዘጋጀች። ዳይሬክተሯ አንገቷን አሰገገችና ገብስማዋን አንዴ፣ አናቷ ላይ፣ ነቆረቻት።

ገብስማዋ አልሮጠችም። አንገቷ ላይ ያለው ላባ እንደ ጃንጥላ ተነፋ፣ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፣ ከፈቀቀችበትም ቦታ መልቀም ጀመረች። ዳይሬክተሯ ግራና ቀኝ አየች። የሚከተላት አልነበረም። ሦስቱ እየበሉ ነው። እሷም ብትዘገይ የሚያልቅባትን ጥሬ አየችና ጎንበስ አለች። አንዴም ቀና ብላ አንድ ነገር ልታስብ ሞከረች፤ ተወችው።

ሰምሃል ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አዩ፣ አባባ?»

አላዩም። ኦቦ ደቻሳ የባዶው ሣጥን ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ለልጅቷ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ይነግሯታል። ሰምሃል ከንግግሩ ውስጥ «ሉኩ» ሲሉ ሰማች፣ «ሀንዱራ» ሲሉ ሰማች። የቀረውን አላወቀችውም፤ ጋዲሳ ሲመጣም ላትጠይቀው ወሰነች። የቢሊሴ ነው።

ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ተኝታለች።»

ሰምሃል እጇን ሰበሰበች። ገበያ የሄዱት እናቷ ተመልሰው በበሩ ሲገቡ፣ አማቷ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጡ፣ ዳይሬክተሯ ደግሞ ያለፈ ቤቷን የምትፈልግ ይመስል ዙሪያቸውን ስትዞር አገኟቸው። ቅርጫቱ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ወይዘሮ አመለሸጋ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ዶሮዎቹን አዩና ዘንቢላቸውን አኖሩ።

«ሽንኩርት ብዙ ገዝቻለሁ» አሉ። «አይ፣ አትፍሩኝ ኦቦ። ለምስር ነው።»

ኦቦ ደቻሳ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያ ልጅቷን እንዳይቀሰቅሱ ትንፋሻቸውን ያዙ።